ግሩፑ ይዘጋ ወይስ ሥርዓት ይያዝ? የየካ አባዶ ጎረቤቶች ክርክር

የኮሚቴው ጸሐፊ
ሰላም ጎረቤቶች። ነገሩን ለማታውቁ በአጭሩ። ስለ ግቢያችን የቴሌግራም ግሩፕ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው፣ አድሚኖች ብቻ ይጻፉ፣ ሌላው ሰው ያንብብ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ክፍት ይሁን፣ ግን የአጻጻፍ ሥርዓት ይውጣለት የሚል ነው። ክርክሩን ያስነሳው ውሃ ነው። አንድ ጎረቤታችን "ውሃ መጣ!!!!" ብሎ ለጠፈ። የትኛው ብሎክ? በስንት ሰዓት? የለም። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ከአራተኛ ፎቅ ጀሪካን ይዘው የወረዱ እናቶች ደረቅ ቧንቧ ጠበቃቸው። ለካ ሰውየው ሥራ ቦታው ተቀምጦ ከሌላ ሰፈር ግሩፕ ያየውን ነው ያስተላለፈው። እስቲ ሐሳባችሁን ስጡ። ስድብ ካየሁ አጠፋለሁ።

ብሎክ 9
ይዘጋ። ጠዋት ስልኬን ስከፍት የማየው የአበባ ሥዕል ነው። "መልካም ቀን"፣ "አሜን"፣ "አሜን"፣ "ለአንተም"። ቀጥሎ "ይህን ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ" የሚል ማስፈራሪያ። ከዚያ የሕፃን ጫማ ሽያጭ። መብራት እንደሚጠፋ የተነገረው በዚህ ሁሉ መሃል ነበር። አላየሁትም። የፆም መፍቻ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ተበላሸብኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሁሉም እንደፈለገ ይጽፋል እንዴ?

ባለሱቋ፣ ከበሩ አጠገብ
ወንድሜ፣ ሥጋው ያሳዝናል። ግን ከተዘጋ ለኮሚቴው ማን ሊነግረው ነው? የፍሳሽ መስመሩ የፈነዳ ጊዜ ቀድማ የጻፈችው አንዲት ተከራይ ልጅ ናት። ሌሊት ነበር። የጉድጓዱን ፎቶ አነሳች፣ የብሎኩን ቁጥር ጻፈች፣ "ልጆች በዚህ በኩል እንዳያልፉ" አለች። በቃ፣ ሦስት መስመር። ወንዶቹ ወርደው ዙሪያውን ድንጋይ ደረደሩበት። ዝግ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ የአድሚን ቁጥር ስትፈልግ ታድር ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ይህ ጭቅጭቅ ከቴሌግራም በፊትም ነበር። ሰዎች በኢሜይል በቡድን ሲወያዩ ያው እኛን የገጠመን ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 "አርኤፍሲ 1855" የሚባል የጨዋነት መመሪያ ወጣ። ብዙው ነገር ዛሬም ይሠራል። ርዕሱ ውስጡን የሚያሳውቅ ይሁን ይላል። መልስ ስትሰጥ የምትመልስበትን ክፍል ብቻ አስቀር፣ የቀረውን ቁረጥ ይላል። ለአንድ ሰው የሆነውን ለእሱ ብቻ ላክ፣ ከመላክህ በፊት ወዴት እንደሚሄድ አረጋግጥ ይላል። ተናደህ ከሆነ ደግሞ አድረህ መልስ። እንግሊዝኛውን በሙሉ በትልቁ ፊደል መጻፍ እንደ ጩኸት ይቆጠራል ይላል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ጩኸታችንን በቃለ አጋኖ ነው የምንወጣው። ከላይ ያለውን የውሃ መልእክት ተመልከቱ፣ አራት አለው።

ለእኛ ሲሆን አንድ መስመር ይበቃል፦ "ብሎክ 7፣ ውሃ አለ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10፣ ራሴ ከፍቼ አይቻለሁ።" የመጨረሻዋ ሐረግ ዋናዋ ናት። "ሰማሁ" እና "አየሁ" ለየቅል ናቸው። ጀሪካኑን የሚሸከመው አንባቢው ነው።

የቀረውን ቴሌግራሙ ራሱ ይችለዋል። ግሩፑን በርዕስ መከፋፈል ይቻላል፦ ማስታወቂያ ለብቻ፣ ገበያ ለብቻ፣ ጨዋታ ለብቻ። ማታ የምትጽፉ ደግሞ የመላኪያውን ቀስት ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚልክ ምርጫ ይመጣል። ጭቅጭቅ ሲበዛ አድሚኑ ስሎው ሞድ ያበራል፣ አንድ ሰው አንዴ ከጻፈ በኋላ ሳይቆይ ደግሞ መጻፍ አይችልም። ይህ ሁሉ እያለ መዝጋት ምን አመጣው?

እትዬ፣ ከእድሩ ሴቶች
ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ በድምፅ ነው የምልከው፣ ድምፅ አትላኩ የሚል ሕግ ካወጣችሁ እንግዲህ እኔ የለሁበትም። ስለ ለቅሶው ልናገር። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጎህ ሲቀድ ይነፋል። "እገሌ አርፈዋል፣ ቀብር በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ደብር" ብሎ ያልፋል። ማንም ተከትሎት "ነፍስ ይማር" እያለ አይጮህም። ይህን የምንለው ለቅሶ ቤት ገብተን ነው። የጎረቤታችን አባት ያረፉ ጊዜ ግን ግሩፑ ላይ "ነፍስ ይማር" ዘነበ። ስንት ሰዓት ነው ቀብሩ ብዬ ልጄን ጠየቅኳት። ወደ ላይ ትገፋለች፣ ትገፋለች፣ አያልቅም። ስታገኘው አፈር ተመልሷል። እኔ የደረስኩት ድንኳን ነው። ሴትዮዋ ዓይኔን ስታየኝ ምን ልበላት?

የብሎክ 3 ልጅ፣ ከውጭ ሀገር
እትዬ፣ ከይቅርታ ጋር ልቃወምዎ። እኔ ለቅሶ ቤት መግባት አልቻልኩም። አባቴ ሲሞት ቪዛዬ እንቅስቃሴ አይፈቅድልኝም ነበር። የጎረቤት ድምፅ የሰማሁት በዚሁ ግሩፕ ነው። አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ። ማን እንደጻፈ አስታውሳለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ማን እንዳልጻፈም። እኛ ዘንድ በለቅሶ ዝም ያለ ሰው እንደቀረ ይቆጠራል። አንድ ቦታ ሰብስቡት እንጂ አትከልክሉ።

የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
የመርዶውን ማስታወቂያ ፒን ማድረግ ነው። አድሚኑ ከላይ ይሰቅለዋል፣ ሰው የፈለገውን ያህል ቢጽፍ ሰዓቱ አይጠፋም። ለሐዘንተኛው የሚጻፈውም እዚያው ማስታወቂያ ላይ ሪፕላይ ይደረግ።

እትዬ፣ ከእድሩ ሴቶች
ልጄ ፒኑን አሳየችኝ። ደግ ነው። አንተም ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ፣ እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም። ግን ያ የሚያለቅስ ቢጫ ፊት ይቅር። ሰው ሞቶ ይህ ምንድን ነው?

የሕግ ባለሙያ፣ ብሎክ 12
ስለ አበባና ስለ ቢጫ ፊት ብዙ ተባለ። እኔን የሚያስፈራኝ የሰው ፎቶ ነው። የአንድ ሞተረኛ ልጅ ፎቶ "ሌባ ነው፣ ያያችሁት ያዙት" ተብሎ ተለጥፎ ነበር። ልጁ የመጣው ዕቃ ሊያደርስ ነው፣ ብሎክ ተሳስቶ ነው የሌላ ሰው በር ያንኳኳው። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ፎቶው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ግሩፖች ሄዷል። የለጠፈው ሰው ከኛ ግሩፕ አጠፋው። ከሌሎቹ ማን ያጥፋው? ልጁን መንገድ ላይ አግኝተው ቢደበድቡት ማን ነው የሚጠየቀው?

ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። "ፎርዋርድ ነው ያደረግኩት" ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፣ ፖሊስ ጣቢያ ሆኖ መከራከሩ ነው እንጂ ችግሩ። የተጠረጠረ ሰው ፎቶ ወደ ግሩፑ አይምጣ። ለጥበቃ ይነገር፣ ለፖሊስ ይሰጥ። ሌላው ሥርዓት ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር።

ብሎክ 9
በዚህ እስማማለሁ። ታዲያ ማን ነው የሚቆጣጠረው? ሌሊት የተለጠፈ ፎቶ አድሚኑ እስኪነቃ ድረስ የት ይደርሳል? ለዚህም ነው ይዘጋ የምለው።

ባለታክሲው
እኔ መሪ ይዤ አልጽፍም፣ እንደ እትዬ በድምፅ ነው። ግን ከድምፁ ሥር "ስለ ጥበቃ ክፍያ" ብሎ አንድ ቃል መጣል ምንም አይደለም። ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ሦስት ደቂቃ ድምፅ እንዴት ብሎ ይስማ? አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል የምትጽፉም እባካችሁ። እናቴ መነጽር አድርጋም አልሆነላትም።

የቤት ባለቤት፣ ብሎክ 5
አንድ ነገር እየተረሳ ነው። ስለ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የግቢው ማኅበር የቤት ባለቤቶች ነው። ግሩፑም የማኅበሩ ነው። መጀመሪያ ተከራዩ ይውጣ፣ ጫጫታው በግማሽ ይቀንሳል።

ተከራይ፣ ብሎክ 5
ጋሼ፣ በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ይሰጠኝ አላልኩም። ውሃ ሲጠፋ ግን ካርታ ጠይቆ አይደለም የሚጠፋው። የፍሳሹን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ሌላ ሰፈር ነበሩ፣ እርስዎም ጭምር።

ባለሱቋ፣ ከበሩ አጠገብ
ጎሽ የኔ ልጅ። ደግሞስ ዝጉትና እዩ። ሰዉ በማግስቱ ሌላ ግሩፕ ይከፍታል። አበባውም፣ ወሬውም፣ የሰው ፎቶውም እዚያ ይሄዳል፣ አድሚን የሚባል ሳይኖርበት። ኮሚቴው ለራሱ ይለጥፋል፣ ራሱ ያነባል።

የኮሚቴው ጸሐፊ
የሰው ፎቶ ከዛሬ ጀምሮ አይለጠፍም፣ ይህን ድምፅ አላስጠይቅበትም። ማስታወቂያና ገበያን ዛሬ ማታ እለያቸዋለሁ። ይዘጋ አይዘጋ የሚለውን እሑድ ከጽዳት ዘመቻው በኋላ እንወስናለን። ተከራዮች ድምፅ ይስጡ አይስጡ የሚለው ግን መጀመሪያ መታየት አለበት።

የቤት ባለቤት፣ ብሎክ 5
እሱማ ግልጽ ነው።

ተከራይ፣ ብሎክ 5
ለእኔ አይደለም ጋሼ። እሑድ እመጣለሁ።