የአራት ኪሎው የቅዳሜ ፕሮግራም፦ ረቂቁን እንጨርሰው

አስተባባሪ፦ ሰላም ናችሁ? ለአብርሆት ቤተ መጻሕፍት የምናስገባው የጋራ ሐሳብ አርብ መላክ አለበት። ተጋባዦቹ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት። ርዕሱ ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት የሚነበቡ ቁጥሮች። በምን እንጀምር?

የካምፓስ ልጅ፦ ገልብጦ በመደመር! 87 ሲደመር 78፣ 165። እሱን ገልብጣችሁ ስትደምሩ 726፣ ቀጥሎ 1353፣ ቀጥሎ 4884፤ በቃ፣ ከፊትም ከኋላም አንድ የሚነበብ ላይ ደረሰ። 196 ግን በኮምፒውተር ስንት ተለፍቶበት እስከ ዛሬ አልደረሰም፣ ጭራሽ እንደማይደርስም ያረጋገጠ የለም። ልጆቹ ያብዳሉ።

መምህርት፦ ማበዱን ያብዳሉ፣ «ለምን?» ሲሉን ግን ምን ልንል ነው? 89 የተሰጠው ልጅ ደግሞ 24 ጊዜ ሊደምር ነው፤ የኔዎቹ አራተኛው ላይ እስክሪብቶ ይጥላሉ። እኔ የምለው፣ ከ1 እስከ 8 ያሉትን እያንዳንዱን በራሱ ያባዙ፣ ከዚያ የውጤቱን አሃዞች አንድ አሃዝ እስኪቀር ይደምሩ። 16 ላይ 1 እና 6፣ 7። 49 ላይ 13፣ ከዚያ 4። የሚወጣው 1 4 9 7 7 9 4 1 ነው። ሰሌዳ ላይ ጽፎ ዝም ማለት ነው፣ ራሳቸው ያዩታል።

ጋሼ፦ ጎበዝ ልጄ። ምክንያቱም ለነሱ አይከብድም። አሃዝ መደመር ለ9 አካፍሎ ቀሪውን ከመያዝ አይለይም፣ ቀሪ ከሌለ 9 ይጻፋል። 2 እና 7ን እዩ፦ በራሳቸው ሲባዙ 4 እና 49፤ 49 ሲቀነስ 4፣ 45። ይኸው 45 የሁለቱ ድምር 9 በልዩነታቸው 5 ተባዝቶ ነው፤ ስለዚህ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ የ4 እና የ49 ቀሪም አንድ ይሆናል። ድምራቸው 9 የሆነ ጥንድ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ 1 ከ8፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5።

የካምፓስ ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ ረታችሁኝ። 196 ለመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ይያዝልኝ። ፖስተሩን በግዕዝ ቁጥር ብናደርገውስ?

አስተባባሪ፦ ማማሩስ ያምራል፣ ግን 121 በግዕዝ ፻፳፩ ነው፤ እስቲ ገልብጠው።

የካምፓስ ልጅ፦ ኧረ ይቅር 😄

መምህርት፦ ለቤት ሥራ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ማባዛትን፣ ማለትም እንደ 2×2×2፣ እንስጣቸው፦ 1 8 9 1 8 9 እያለ ይሄዳል፣ ሲገለበጥ አንድ አይሆንም። አራት ጊዜ ሲሆን ግን 1 7 9 4 4 9 7 1 ይመጣል። ምክንያቱን ራሳቸው ይፈልጉት።

አስተባባሪ፦ ገባ። ጋሼ፣ የ2 እና የ7ን ማብራሪያ በግማሽ ገጽ ይጻፉልን። ፎቶኮፒውን ፒያሳ እኔ አሠራለሁ። የሚቃወም ካለ እስከ ሐሙስ ማታ ይናገር።