የዘረ መል አማካሪ ኮሚሽን አስተያየት ስጡ ብሏል፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

ሁለተኛ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የሐንቲንግተን በሽታ (በዘር የሚተላለፍ የአንጎል ሕመም) አለባት። እኔ ተመርምሬ ውጤቴን አውቄያለሁ፤ ወንድሜ ግን ማወቅ አልፈልግም ብሏል። አሁን መንግሥትን በሰው ዘረ መል ጉዳይ የሚያማክረው ኮሚሽን፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶች የምርመራ ውጤት ይጠይቁ ወይስ አይጠይቁ በሚለው ላይ የሕዝብ አስተያየት እየሰበሰበ ነው። የሕሙማን ማኅበራችን ጻፊ አለኝ። ቅጹን ከፍቼ አየሁት፤ ግማሹ ለባለሙያ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። እነዚህ ሰዎች የምር ይሰማሉ ወይስ ለወጉ ያህል ነው? ከጻፍኩስ ምን ልበል?

ሕግ ነክ፦
መጀመሪያ ለማን እንደምትጽፊ ለዪ። አማካሪ ኮሚሽን ፈቃድ አይሰጥም፣ አይነጥቅም፣ ማንንም አይቀጣም። ያ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የመካንነት ሕክምናንና የሰው ፅንስ ምርምርን የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን የክሊኒክ ፈቃድ መንጠቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ተቋቁሞ የነበረው የሰው ጄኔቲክስ ኮሚሽን ግን በእጁ የነበረው ጥናት፣ ውይይትና ለሚኒስትሮች የሚሰጥ ምክር ብቻ ነው። ስለዚህ "ኢንሹራንስ ከለከሉኝ፣ አስመልሱልኝ" ካልሽ ሌላ ቦታ ሂጂ ይሉሻል። "ደንቡ እንዲህ ይሁን" ካልሽ ልክ ቦታሽ ነው።

ጡረተኛው፦
እኔ ብሆን ጊዜዬን አላባክንም። ኮሚሽን ያቋቁማሉ፣ ሕዝብ ያወያያሉ፣ ወፍራም ሪፖርት ያወጣሉ፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ። ያ የጠቀስከው ኮሚሽን እኮ በ2012 ተዘግቷል። መንግሥት ወጪ ልቀንስ ሲል መጀመሪያ የሚቆርጠው እንዲህ ያለውን ነው።

ሕግ ነክ፦
መዘጋቱ እውነት ነው ጋሼ። ግን ከመዘጋቱ በፊት የሠራውን እንይ። በ2001 የኢንሹራንስ ድርጅቶች በዘረ መል ምርመራ ውጤት መጠቀማቸውን ለጊዜው ያቁሙ ብሎ መከረ። ዓመቱ ሳያልቅ መንግሥትና የኢንሹራንስ ድርጅቶቹ ማኅበር የአምስት ዓመት ስምምነት አደረጉ፤ ስምምነቱም እየታደሰ ኮሚሽኑ ከተዘጋ በኋላም ቀጠለ። በ2002 ደግሞ የሰውን ዲኤንኤ ሳያስፈቅዱ በድብቅ ማስመርመር ወንጀል ይሁን አለ። ይሄ በ2004ቱ የሰው አካል ናሙናዎች ሕግ ውስጥ ገባ፣ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። ሁሉም ምክር እንዲህ አይሳካለትም፣ እሱን አልክድም።
እህቴ፣ አንድ ነገር ልብ በዪ፦ በዚያ ስምምነት ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ ለሆነ የሕይወት ኢንሹራንስ የሐንቲንግተን ምርመራ ውጤት መጠየቅ ተፈቅዷል። ያንቺው በሽታ ነው ተለይቶ የወጣው።

የላብራቶሪ ሰው፦
በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ አታስረጂያቸው፣ ለዚያ ባለሙያ ሞልቷቸዋል። እነሱ የሚጎድላቸው አንቺ ያየሽው ነው። ኢንሹራንስ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ ቃል በቃል ምን ይላል? "ተመርምረዋል ወይ" ነው ወይስ "ከወላጆችዎ መካከል ይህ በሽታ ያለበት አለ ወይ"? ልዩነቱ ትልቅ ነው። የምርመራ ውጤት መጠየቅ በተከለከለበት ቦታ እንኳ የቤተሰብ የሕመም ታሪክ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ወንድምሽ ሳይመረመርም በእናትሽ ሕመም ብቻ ዋጋ ሊጨመርበት ይችላል። እኔ ብሆን ደብዳቤውን በሙሉ እዚህ ነጥብ ላይ አደርገው ነበር።
ደግሞ "አድልዎ ይከልከል" ብለሽ በደፈናው አትለፊው። የአሜሪካው የ2008 ሕግ የጤና ኢንሹራንስንና ሥራ ቅጥርን ይሸፍናል፣ የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም። የትኛው ኢንሹራንስ እንደሆነ በስሙ ጥሪው።

አስታማሚ፦
ሁሉም የረሱት ነገር አለ። እንዲህ ያሉ አካላት የደረሳቸውን አስተያየት ብዙ ጊዜ ከነስሙ ያትማሉ። አሠራራቸው ግልጽ እንዲሆን ነው፣ ጥሩ ነው፣ ላንቺ ግን አይደለም። "እናቴ ሐንቲንግተን አለባት" ብለሽ ስምሽን ከሥሩ ስታሰፍሪ፣ ወንድምሽ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ እንደሆነ ለዓለም ተናገርሽ ማለት ነው። እሱ ራሱ ማወቅ ያልፈለገውን ጉዳይ ቀጣሪው ፈልጎ ሊያገኘው ነው። ቅጹ ላይ "ስሜ አይታተም" የሚል ሳጥን ካለ ምልክት አድርጊበት፤ ከሌለ ከመላክሽ በፊት ጠይቂያቸው። የምትኖሪበትን ከተማና የእናትሽን ዕድሜም አውጪው፣ ስም ባይኖርም ሰው ይገጣጥማል።

ጡረተኛው፦
እሺ፣ የዲኤንኤው ሕግ አሳምኖኛል። ግን የኮሚሽኑ አባላት እነማን እንደሆኑም እዪ። ከኢንሹራንስ ወይም ከምርመራ ድርጅት ጋር የጥቅም ግንኙነት ያለው አባል ያንን ማሳወቅ አለበት። ዝርዝሩን ካላወጡ፣ አውጡ ብለሽ ጻፊላቸው። የእንግሊዞቹ ኮሚሽን እኮ የዘር በሽታ ያለባቸውንና ቤተሰቦቻቸውን ያቀፈ የራሱ አማካሪ ቡድን ነበረው፤ እዚህስ አለ ወይ በዪ።

ሁለተኛ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የስሙ ነገር ጭራሽ አልታሰበኝም ነበር። ሳጥኑን ፈለግሁት፣ የለም። ስም ደግሞ ግዴታ ነው። ወንድሜንስ ላስፈቅደው?

አስታማሚ፦
ንገሪው እንጂ፣ የሱም ጉዳይ ነው። አይሆንም ካለሽ ወይም ኮሚሽኑ ስም አንደብቅም ካለ፣ ጽሑፍሽን ለማኅበሩ ስጪና "አንዲት አባላችን" ብለው በማኅበሩ ስም ያስገቡት። ብቻ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ዛሬውኑ ደውዪላቸው፣ እነሱም ለማዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋሉ።