«ዌዘር» በየትኛው አጻጻፍ? የእንግሊዝኛ ቃላትን ስለ መሳሳት የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ ለክርክሩ መነሻ የሆነው ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈ የጀልባ ጉዞ ማስታወቂያ ነው። ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚደረገው ጉዞ በአየር ሁኔታ እንደሚወሰን ሊገልጽ ሲገባው፣ የአየር ሁኔታ ማለት የሆነው «ዌዘር» ቀርቶ፣ በድምፅ የሚመስለውና «ይሆን ወይስ አይሆን» የሚል ፍቺ ያለው ሌላው «ዌዘር» ስለ ተጻፈበት ብዙዎች ተሳልቀውበታል። እንዲህ ያለው ስህተት የሚመጣው ከዕውቀት ማነስ ነው ወይስ ከሌላ ምክንያት? ነቀፋስ ይገባዋልን?

የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፦ ይገባዋል ባይ ነኝ። እንግዳው ጀልባውን ከማየቱ በፊት የሚያየው ጽሑፉን ስለሆነ፣ ለአንዲት ቃል ያልተጠነቀቀ ሰው ለሞተሩና ለነዳጁ ይጠነቀቃል ብሎ ለማመን ይቸገራል። መዝገበ ቃላቱ በዚያው በስልኩ ውስጥ እያለ አለመመልከቱን ከቸልተኝነት በቀር ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

የእንግሊዝኛ መምህር፦ እኅታችን ቸልተኝነት ያሉትን እኔ በሌላ ዐይን አየዋለሁ፤ ብዙ ዓመት ደብተር ሳርም የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ቋንቋውን በጆሮው ይማረው ወይም በዐይኑ የሚናገረው ስህተቱ ራሱ መሆኑን ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ ስላደረገው፣ አብዛኞቻችን ቋንቋውን ያገኘነው ከመጽሐፍ ነው። ስለዚህ የእኛ ተማሪ የሚሳሳተው «መኖር» እና «መሄድ» ማለት በሆኑት ሁለት «ሊቭ»ዎች ላይ ነው፤ አማርኛ አንድ «ኢ» ብቻ ስላለው ልዩነታቸው በጆሯችን አይገባም። እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ሰው በእነዚህ እምብዛም አይሳሳትም፤ እርሱን የሚያደናቅፉት «የእነርሱ» እና «እዚያ» ማለት የሆኑት፣ በድምፅ አንድ በጽሕፈት ሁለት የሆኑት «ዜር»ዎች ናቸው። የጀልባው ማስታወቂያ ስህተት የዚህኛው ወገን ነውና፣ ጸሐፊው ቋንቋውን በጆሮው የተማረ ሰው መሆኑን እገምታለሁ። የስልኩም ማረሚያ ቀይ መስመር አያሰምርበትም፤ የተጻፈው ቃል በራሱ ትክክለኛ ነውና።

የቀረው ጥፋት የእንግሊዝኛው የራሱ ነው። የመጀመሪያው እንግሊዛዊ አታሚ ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ሲተክል የአናባቢዎቹ አነባበብ ገና በመለወጥ ላይ ነበር፤ ኅትመቱ አጻጻፉን እያረጋው ሲሄድ አንደበቱ ትቶት ሄደ። መለየት ማለት የሆነውን «ሴፐሬት» ብዙ ሰው ከ«ፒ» ቀጥሎ «ኤ» በማስገባት ፈንታ «ኢ» አስገብቶ ይጽፈዋል፤ በእርግጥ ማለት በሆነው «ዴፊኒትሊ» ላይ ደግሞ ሁለተኛዋን «አይ» በ«ኤ» ይተካታል። ሁለቱም ስህተቶች የሚወድቁት አናባቢው ደክሞ ወደ እኛ ግእዝ ድምፅ ወደ «ኧ» በሚጠጋበት ቦታ ነው። የእኛ ፊደል ለዚያ ድምፅ የመጀመሪያውን ረድፍ ሰጥቶታል፤ እንግሊዝኛ ግን አንድም ፊደል ስላልመደበለት ጸሐፊው በግምት ይመርጣል።

ተማሪ፦ ከተሳላቂዎቹ አንዱ በዚያው ቀን ስለ ታመመ ወዳጁ «እግዚአብሔር ድህነትን ይስጥልን» ብሎ ጽፎ ነበር። በ«ኅ» መጻፍ የሚገባውን በ«ህ» በመጻፉ የለመነው ፈውስን ሳይሆን ማጣትን ነው።

የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፦ አስቆኛል፤ ነገር ግን ክርክሩን አይፈታውም። ያንን የምናነበው እኛ ነንና ሐሳቡን ከልብ እናውቅለታለን፤ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና የለውም። ለወዳጅ የሚጻፍና ለገበያ የሚጻፍ እኩል ይታይ የሚለውን አልቀበልም።

አስጎብኚ፦ የማስታወቂያው ጸሐፊ እኔ ነኝ። መምህር እንደ ገመቱት እንግሊዝኛን የተማርሁት ከእንግዶች አፍ ነው። «ዌዘር» የሚለውን ቃል ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ ዘወትር እሰማዋለሁ፤ ተጽፎ ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ደሴት ማለት የሆነውን «አይላንድ»ንም ያለ «ኤስ» ጽፌው ነበር፤ ያን ግን የሳቀበት የለም።

የእንግሊዝኛ መምህር፦ በዚያኛውስ ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ለጥንቱ ቀርበዋል። የቃሉ አሮጌ አጻጻፍ «ኤስ» አልነበረበትም፤ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው «አይል» ዘመዱ ስለ መሰላቸው በኋላ የጨመሩበት ሰዎች ናቸው። ዕዳ ማለት በሆነው «ዴት» ውስጥ ያለችው የማትነበብ «ቢ»ም እንዲሁ የላቲን ሥሩን ለማሳየት ሊቃውንት የሰኳት ናት። ሆኖም ለእንግዳ በሚጻፈው ጉዳይ ከእኅታችን ጋር እስማማለሁ፤ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ መረዳት አንድ ነገር ነው፣ ሳይታረም መለጠፍ ሌላ።

አስጎብኚ፦ ማስታወቂያውን ትናንት ማታ አስተካክዬ፣ ከማሠራጨቴ በፊት እንዲያዩልኝ ለእንግዳ ተቀባይዋ ላክሁላቸው። «ዌዘር»ንም «አይላንድ»ንም አለፉልኝ፤ ገዳም ማለት በሆነው «ሞናስትሪ» ላይ ግን «ኤ» እና «ኢ» ቦታ ተለዋውጠው አገኟቸው።