በረዶ ሳናይ የበረዶ አገር ግድያ ለምን እንዲህ ይይዘናል?

ጮቄ ሥር
ሰላም የንባብ ወዳጆች። እኔ ያለሁት ከጮቄ ግርጌ ባለች ትንሽ ከተማ ነው፣ መምህር ነኝ። ዘንድሮ ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ አንድ ወዳጄ በቴሌግራም የላከልኝን የአይስላንድ የወንጀል ልብ ወለድ ጀመርኩ። አንዱን ስጨርስ ሌላ፣ ሌላውን ስጨርስ ሌላ፣ ነሐሴ ሳያልቅ አምስት መጽሐፍ አንብቤያለሁ። መብራት በጠፋ ቀን ጋቢ ተከናንቤ፣ የስልኬ ባትሪ ሦስት ፐርሰንት እስኪቀረው ድረስ።

የገረመኝ ነገር አለ። ታሪኮቹ የሚሆኑት ሰው እንደ ልቡ በማይደርስበት ቦታ ነው። ደሴት፣ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ በተራራ የታጠረ ወደብ። ራግናር ዮናሶን የሚጽፍባት ሲግሉፍዮርዱር እውነተኛ ከተማ ናት፣ አይስላንድ ሰሜን ጫፍ ላይ። ነዋሪዋ 1,200 ገደማ ቢሆን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር መግቢያ እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ከተራሮቹ ጀርባ ሆና አትታይም። እኔ የማውቀው በረዶ ጣሪያ እየደበደበ መጥቶ ገብስ የሚያረግፈውን ነው። የእነሱ በረዶ ድምፅ የለውም። ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋት በር አይከፈትም።

ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የያዘኝ? እናንተንስ? ደግሞስ ጎጃም ውስጥ ገደሉም፣ ደሴቱም፣ ጉሙም ሞልቶ እያለ እንዲህ ያለ ታሪክ ለምን አልተጻፈልንም?

ደጀን በር
ወንድም ዓለም፣ ምስጢሩ በሩ ላይ ነው። ገዳዩ መውጣት አይችልም፣ ረዳትም መግባት አይችልም። በቃ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን «ትራፕድ» (Trapped) የሚባል የአይስላንድ ተከታታይ ፊልም ካላየኸው ፈልገህ እይ። ከዴንማርክ የሚመጣ መርከብ ወደቡ ሲደርስ ባሕሩ ውስጥ የተቆራረጠ አስከሬን ይገኛል፣ ወዲያው የበረዶ ወጨፎ ይመጣና የተራራው መንገድ ይዘጋል። ከዋና ከተማው መምጣት የነበረባቸው መርማሪዎች ቀሩ። ሥራው በሦስት የመንደር ፖሊሶች እጅ ወደቀ።

ዓባይ በረሃ ላይ መኪና ተገልብጦ መንገድ ተዘግቶበት ያደረ ሰው ይህ ነገር ቶሎ ይገባዋል። እኔ አድሬያለሁ። መጀመሪያ ሰው ይስቃል፣ ዳቦ ይካፈላል። ሲመሽ ግን ወሬው ይቀንሳል። ኋላ ወንበር ላይ ያለውን ዝምተኛ ሰውዬ እስከዚያ ድረስ ልብ ያለው አልነበረም፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሁላችንም በዓይናችን እንፈልገው ነበር። ሰውዬው ምንም አላደረገም እኮ! በሩ መዘጋቱ ብቻ ነው።

ደግሞ ይህን ስታውቅ ደስ ይልሃል። ኖርዌይ ውስጥ የወንጀል መጽሐፍ ወቅቱ ፋሲካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ሁለት ወጣቶች ስለ ባቡር ዘረፋ ልብ ወለድ ጻፉና ማስታወቂያው ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ ልክ እንደ ዜና ሆኖ ወጣ። ብዙ ሰው እውነት መስሎት ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ሰው ለበዓል ወደ ተራራ ጎጆው ሲወጣ የግድያ መጽሐፍ ይዞ ይወጣል፣ የወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር አጭር የወንጀል ታሪክ ይታተማል።

ጣና ዳር
ከደጀን በር ጋር በግማሽ እስማማለሁ። በሩ ቢዘጋም ውስጥ ያሉት ሰዎች ካልተዋወቁ ታሪኩ አይከብድም። የአውቶቡሱ ሰው ጠዋት መንገዱ ሲከፈት ተበታትኖ ይሄዳል። የመንደር ሰው የት ይሄዳል?

እኔ ያደግኩት ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ነው። ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን የዓሣ መረብ ተሰረቀ። ያን ሰሞን ነፋሱ በርትቶ ሦስት ቀን ጀልባ አልመጣም፣ በታንኳም የሚደፍር አልነበረም። ስለዚህ መረቡም ሌባውም እዚያው ከእኛ ጋር ናቸው። እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት አስጠራች። ሁሉም መጣ። ባለመረቡ ተቀምጧል፣ ይጠረጠር የነበረውም ሰው ትይዩ ተቀምጧል። ስለ ነፋሱ አወሩ። ስለ ጌሾ አወሩ። መረቡን ያነሳ የለም። በረካው ሲቀዳ ባለመረቡ የሰውዬውን እጅ ዝም ብሎ ሲያይ አየሁት። አመልካች ጣቱን ገመድ ልጦታል። እኔም አየሁ፣ እናቴም አየች። ስኒው ተሰበሰበ፣ ሁሉም ተመራርቆ ወጣ።

ሰው ዝም የሚለው ስለሚፈራ ብቻ አይደለም። ነገ ከዚያው ሰው ጋር በአንድ ታንኳ ይቀዝፋል። ልጁን ክርስትና ያነሳለት እሱ ነው። ስዊድናዊው ዮሃን ቴዎሪን ስለ ኦላንድ ደሴት ሲጽፍ ጭጋግ ውስጥ ስለጠፋ ሕፃን ያወራል። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የልጁ ሰንደል በፖስታ ለአያቱ ይላክለታል። ያን ሳነብ የታየኝ ያ የተላጠ ጣት ነው። አንድ ሰው ያን ሁሉ ዓመት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ማርቆስ ላይ
እኔ ደግሞ በረዶውም ደሴቱም ላይ ብዙ አትቁሙ እላለሁ። የዚህ ዓይነቱ የወንጀል ልብ ወለድ መሠረት የጣሉት ማይ ሾቫልና ፔር ቫሉ የሚባሉ ስዊድናውያን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 አሥር መጽሐፍ አብረው ጻፉ። ታሪኮቻቸው በብዛት ከተማ ውስጥ ናቸው። ፍላጎታቸው የጠገበው፣ የተደራጀው የስዊድን ኑሮ ከሥሩ ምን እንደደበቀ በፖሊስ ዓይን ማሳየት ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. የካቲት 1986 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ኡሎፍ ፓልመ ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ አይቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ስቶክሆልም መሀል ጎዳና ላይ በጥይት ተገደለ። አንድም ሰው ሳይፈረድበት ቀረ (አንዱ ተፈርዶበት ነበር፣ ይግባኝ ሲል ነፃ ወጣ)። መዝገቡ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ይህ ሁሉ ሰው በሚመላለስበት ጎዳና ላይ የሆነ ነው። ምስጢር ለመደበቅ ደሴት አያስፈልገውም።

አያ ሞላ
ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ እነዚህን መጻሕፍት አላነበብኩም። የልጅ ልጄ አንዱን በአማርኛ እያወራችልኝ ሰማሁ። እኛም አገር ይህ ነገር ነበር እኮ፣ አውጫጭኝ ይባላል። አባቴ ገብቶበታል። ከብት ሲሰረቅ ወይ ሰው ሞቶ ሲገኝ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤት መመለስ የለም። የእርሻ ቀን ቢሆን፣ ዝናብ ቢወርድ፣ የቀረ ይቀጣል። አባቴ ሁልጊዜ የሚያነሳው ሁለተኛውን ሌሊት ነው። ዘሩ ሳይዘራ እርጥበቱ እያለፈ፣ አጠገብህ የተኛውን ወንድምህን ሳይቀር መጠርጠር ትጀምራለህ ይል ነበር። እነሱን በረዶ ዘጋባቸው፣ እኛ ራሳችን እየዘጋን ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ማንኩሳንና ዲማን እንዳሳየን፣ ያን ሜዳ የሚጽፍልን አንድ ልጅ ይነሳ።

ጮቄ ሥር
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን የጻፉልኝን ገልብጬ ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ።

ማርቆስ ላይ፣ ያልከው ልክ ነው፣ ግን እኔን የያዘኝ ምን እንደሆነ እናንተን ሳነብ ገባኝ መሰለኝ። የአይስላንድ ሕዝብ በሙሉ 400,000 አይሞላም። በዓመት የሚገደለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሞቶ ሲገኝ መጽሐፉ በሙሉ፣ ገጽ ከገጽ፣ ይህ ሰው ማን ነበር እያለ ይጠይቃል። ምን በልቶ ነበር፣ ማን ይወደው ነበር፣ ኮቱን ከየት ገዛው። የሌላው አይስላንዳዊ ደራሲ የአርናልዱር ኢንድሪዳሶን መርማሪ ልጅ ሳለ ወንድሙ የበረዶ ወጨፎ ውስጥ እጁ ላይ ጠፍቶበታል፣ አስከሬኑም አልተገኘም። ጎልማሳ ሆኖ እንኳ በበረዶ ስለጠፉ ሰዎች የተጻፈ ሲያነብ ያመሻል። እኔ ደግሞ እንደዚያ የሚጠየቅለት ሰው ማየት ናፍቆኝ ነበር። አንድ ሰው ሞተ ተብሎ ወሬው በማግስቱ ሲያልፍ ሳይ ኖሬያለሁና።

እታለም ጣና ዳር፣ አንድ ነገር አንጠልጥለሽ ተውሽኝ። መረቡስ ተገኘ?

ጣና ዳር
በአራተኛው ቀን ነፋሱ ቆመ። ጠዋት ስንነሳ መረቡ ባለቤቱ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር፣ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። የተቀደደው ቦታ በአዲስ ገመድ ተጠግኗል። ባለቤቱ አውርዶ አጣጠፈውና ወደ ሐይቁ ወረደ። ማን መለሰው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።