በአሮጌ የኢንተርኔት ካፌ ኬዝ የቤት ስቶሬጅ ሰርቨር ልሠራ ነው፤ የምታውቁ እርዱኝ

ፎቶ ቤቷ፦
ሰላም ናችሁ። ሥራዬ የሰርግና የልደት ቪዲዮ ነው፣ አዲስ አበባ። ፋይሎቼ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች ተበታትነው ጠረጴዛዬን ሞልተውታል። የማን ሰርግ የትኛው ላይ እንዳለ ለማወቅ አንድ በአንድ እየሰካሁ ነው የምፈልገው። አንዱ ደግሞ ሰሞኑን ስሰካው ጠቅ ጠቅ ማለት ጀምሯል።

ሁሉንም አንድ ቦታ የሚይዝልኝ ሰርቨር ቤት ላቆም አሰብኩ። ያለኝ ይኼ ነው። አጎቴ ኢንተርኔት ካፌውን ሲዘጋ አንድ ትልቅ ታወር ኬዝ ሰጥቶኛል። ማዘርቦርድ የለውም፣ ፓወር ሰፕላዩ ግን አለ፤ 500 ዋት ይላል። አራት የሃርድ ዲስክና ሦስት የሲዲ ማስገቢያ አለው። ሌላ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 አለኝ፤ ያቺ ቀጭኗ የቢሮ ዓይነት። ኮር አይ 5 4590፣ 8 ጊጋ ራም። ትሠራለች፣ ግን ትልቁ ሃርድ ዲስክ ከአንድ በላይ አይገባባትም።

የዴሏን ማዘርቦርድ ነቅዬ ትልቁ ኬዝ ውስጥ ብገጥመውስ? ዲስክ የትኛውን ልግዛ? መብራት ሲሄድስ? በጀቴ ጠባብ ነው፤ ያለኝን ብር የት ላይ ባውለው ይሻላል?

ዲስክ ሰብሳቢ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ጠቅ ጠቅ የሚለውን ዲስክ መሰካት አቁሚ። በሰካሽው ቁጥር ዕድሜው እያጠረ ነው። ባዶ ዲስክ አዘጋጂና በዲዲሬስኪዩ ገልብጪው። ይኼ ፕሮግራም መጀመሪያ ደህና የሆነውን ክፍል ያወጣል፣ የተጎዳው ላይ ተመልሶ የሚታገለው በኋላ ነው። በተራ ኮፒ ፔስት ከሞከርሽ አንዱ የተጎዳ ፋይል ላይ ተጣብቆ ዲስኩን እዚያው ይጨርሰዋል። በዲዲሬስኪዩም ጊዜ ድምፁ ከባሰበት አቁሚና ለባለሙያ ስጪ።

ጋሼ ብሎን፦
ልጄ፣ የዴሏን ማዘርቦርድ እዚያ ኬዝ ውስጥ ለመግጠም አትድከሚ። ለራሷ ሳጥን ብቻ ነው የተሠራው። ተራው ፓወር ሰፕላይ ባለ 24 ፒን ነው፤ እሷ የምትፈልገው ባለ 8 ፒን ነው። መቀየሪያ ገመድ ይሸጣል፣ ግን ጣጣው በዚያ አያበቃም። የፊት ፓነሏ ገመድ ካልተሰካ ስትበራ ታማርራለች፤ «ኤፍ 1 ተጫን» ብላ ትቆማለች። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰርቨርሽ አንድ ሰው መጥቶ ኤፍ 1 እስኪጫንለት ቆሞ ያድራል።

ይልቅ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ብቻ ውሰጂ። ቢ 85 ቺፕሴት ያለው ተራ ማዘርቦርድ ፈልጊ፤ ሁለቱንም ይቀበላል። አሮጌ ስለሆነ ያገለገለው በርካሽ ይገኛል፣ አብዛኛው ስድስት የሳታ (የዲስክ ገመድ) መሰኪያ አለው። ኤች 81 ካጋጠመሽም ይሠራል፤ እሱ ግን አራት ብቻ ነው ያለው። የፕሮሰሰሩን ፋን ከዴሏ አትውሰጂ፣ አስተሳሰሩ የራሷ ነው። ለ1150 ሶኬት የሚሆን የኢንቴል ፋን ከነሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታው ግዢ።

አሁን ወደ ኬዙ። ማዘርቦርዱን ከቆርቆሮው የሚያርቁት የነሐስ እግሮች አሉ። በፊት የነበረው ማዘርቦርድ ትልቅ ከነበረ አዲሱ ቀዳዳ የሌለው ቦታ ላይ እግር ቀርቶ ይሆናል። ያ እግር የማዘርቦርዱን ጀርባ ነክቶ ሾርት ያደርገዋል። ማዘርቦርዱን አስቀምጠሽ ቀዳዳ ቁጠሪ፣ እግር ቁጠሪ፣ ትርፉን ፍቺ።

ሊኑክስ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይኼ ሁሉ ለምን? ዴሏን እንዳለች ትተዋት፣ ባለ ሁለት ዲስክ የዩኤስቢ ዶክ ገዝታ ብትሰካባትስ? ዴሏ ኤሌክትሪክም ብዙ አትበላም።

ዲስክ ሰብሳቢ፦
ፋይል አንዴ ገልብጦ ለመንቀል ከሆነ ዶክ ይበቃል። ሁለት ዲስክ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ሌት ተቀን ለሚሠራበት፣ መስታወት ለሚባለው አደራረግ ግን አይሆንም። የዩኤስቢ መቀየሪያ ቺፖች ለአፍታ ይጠፋሉ፤ ሲስተሙ ዲስኩ ሞተ ብሎ ከጥንዱ ያስወጣዋል። ገመዱን ድመት ብትነካው እንኳ ያው ነው። ቀጥታ በሳታ ይሁን።

ፎቶ ቤቷ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ማዘርቦርዱን እፈልጋለሁ። ፓወር ሰፕላዩ ግን ያለው አይበቃም? 500 ዋት ብዙ መሰለኝ። ራይድ 5 የሚባለውን፣ አንድ ዲስክ ቢሞት ፋይሉ እንዳይጠፋ ብዙ ዲስክ የሚያጣምረውን፣ ሰው መክሮኝ አራት ባለ 4 ቴራ ልገዛ ነበር።

ጋሼ ብሎን፦
500 ዋቱ ያለው ስቲከሩ ላይ ነው። ፈትተሽ አውጥተሽ በእጅሽ መዝኚው። ከቀለለሽ ውስጡ መዳብም ፌራይትም የለውም ማለት ነው። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከ20 እስከ 25 ዋት ይስባል፤ ከተረጋጋ በኋላ 5 ዋት አካባቢ ነው። አራት ዲስክ ባንዴ ሲነሳ ወደ 100 ዋት ነው፣ ፕሮሰሰሩን ሳንቆጥር። ስም ያለው፣ 80 ፕላስ (ኤሌክትሪክ ብዙ እንደማያባክን ማረጋገጫ) የሚል 400 ወይም 450 ዋት ግዢ። በጀት ጠባብ ነው ብለሽ እዚህ ላይ እንዳትቆጥቢ፤ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ብቻውን አይሄድም።

ሌላው ደግሞ ከሞሌክስ (ከድሮው ትልቅ ባለ 4 ፒን መሰኪያ) ወደ ሳታ የሚቀይረው ገመድ ነው። የሳታው ጫፍ ድፍን ፕላስቲክ ሆኖ ሽቦዎቹ ውስጡ የተቀበሩበትን አትግዢ። ሽቦዎቹ ውስጥ ውስጡን ተነካክተው የሚቀልጥ ነው፤ ጠቁሮ የመጣልኝ አለ። ጫፉ ተከፍቶ ሽቦው አንድ በአንድ ተነክሶ የሚታየው ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚወጣው የሳታ ገመድ ነው።

ዲስክ ሰብሳቢ፦
እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ለወንድሜ ዲስክ በሰው እልካለሁ፣ ስለዚህ ይኼን ነገር በደንብ አይቼዋለሁ። አራት ባለ 4 ቴራ ከምትገዢ ሁለት ባለ 8 ቴራ ገዝተሽ በመስታወት አስሪያቸው። አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሆናል። በራይድ 5 ከአራቱ 12 ቴራ ታገኛለሽ፣ በመስታወት 8 ቴራ። ግን ዲስኩ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሙቀቱም ኤሌክትሪኩም ይቀንሳል፣ መሰኪያም ይተርፍሻል። ሲሞላ ሌላ ጥንድ ትጨምሪያለሽ።

ስትገዢ ሲኤምአር፣ ማለትም ትራኮቹን (መረጃ የሚጻፍባቸውን መስመሮች) ሳይደራርብ የሚጽፍ መሆኑን አረጋግጪ። ኤስኤምአር የሚባሉት ዲስኮች ትራኮቹን እንደ ጣራ ቆርቆሮ ደራርበው ነው የሚጽፉት፤ አንዱን ለመቀየር አጠገቡ ያለውንም እንደገና መጻፍ አለባቸው። ዲስክ ተበላሽቶ ስትተኪ ግልባጩን መሥራት በጣም ይንቀራፈፋል። ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2020 ከ2 እስከ 6 ቴራ ካሉት ሬድ ዲስኮቹ አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን አምኗል። ከዚያ በኋላ ነው ሲኤምአሮቹን ሬድ ፕላስ ብሎ የለያቸው። ሬድ ፕላስ ወይም የሲጌት አይረንዎልፍ ካገኘሽ ጥሩ ነው።

«አዲስ ነው» የተባለውንም ፈትሺ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች የሰዓት ቆጣሪያቸው ዜሮ ተደርጎ በአዲስ ስም ሲሸጡ አውሮፓ ውስጥ ተደርሶበታል። ስማርት የሚባለው የዲስኩ የራሱ የጤና መዝገብ የሚያሳየው ሰዓት ይሰረዛል። ሲጌት ከሆነ ፋርም የሚባለውን ሌላ መዝገብ በስማርትሞንቱልስ አንብቢና ሰዓቱን ከስማርቱ ጋር አስተያዪ። ሁለቱ ከተራራቁ መልሺው። ከዚያ ረጅሙን የስማርት ምርመራ አስኪጂ። ለ8 ቴራ ከግማሽ ቀን በላይ ይፈጃል፤ ማታ ለቀሽው ተኚ። ሲያልቅ የተተኩና በጥርጣሬ የተያዙ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር ሁለቱም ዜሮ መሆን አለበት።

ሊኑክስ ልጅ፦
መስታወቱን እኔም እደግፋለሁ። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር ኦፕንሚዲያቮልት ብታደርጊው ያንቺ 8 ጊጋ ራም ተርፎ ይተርፋል። ትሩናስ ግን የበለጠ ደስ ይለኛል፤ እሱ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ራም 8 ጊጋ ነው፣ አንቺ ደግሞ ልክ እሱ አለሽ። ትሩናስ ፋይል የሚያስቀምጥበት ዜድኤፍኤስ የተባለው ሥርዓት የፋይሉን እያንዳንዱን ቁራጭ የማረጋገጫ ድምር ይይዛል። አንዱ ዲስክ ዝም ብሎ የተበላሸ ነገር ቢሰጥሽ አውቆ ከሌላው ያስተካክለዋል። ስናፕሾትም አለው፤ ረዳትሽ በስህተት የሙሽሮችን ፎልደር ቢያጠፋ የትናንቱን ትመልሻለሽ። ሲስተሙን የሚይዝ ትንሽ ኤስኤስዲ ለብቻው ግዢ፣ 120 ጊጋ ይበቃል። ፍላሽ ላይ አትጫኚው።

ዲዱፕሊኬሽን (ተደጋጋሚውን መረጃ አንዴ ብቻ ማስቀመጥ) የሚል ነገር ስታዪ አትንኪው። ቪዲዮ ላይ ጥቅም የለውም፣ ራምሽን ግን ይበላዋል።

የአዳማው፦
የመብራቱን ማንም አልመለሰልሽም፣ እኔ ልመልስ። እኛ አገር ዲስክ የሚገድለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን አመጣጡ ነው። መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ቮልቴጁም ዘሎ ነው የሚመጣው። ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ያስፈልግሻል። ስትገዢ ዋት ብቻ አትጠይቂ፤ ከኋላው የዩኤስቢ ዳታ መሰኪያ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ ርካሾቹ የላቸውም። መሰኪያው ካለው ትሩናስ ውስጥ ያለው የዩፒኤስ አገልግሎት ያነበዋል፤ ባትሪው ሲያንስ ሰርቨሩን ራሱ በሥርዓት ያጠፋዋል። ያንቺ ዓይነት ሰርቨር ሥራ ላይ ከ50 እስከ 60 ዋት ቢስብ ነው፤ ደህና ባትሪ ያለው 650 ቪኤ በእርጋታ ለማጥፋት ይበቃል። ዓላማው መብራት እስኪመጣ ማቆየት አይደለም።

ባዮሱ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ደግሞ መብራት ሲመለስ በራሱ ይነሳ የሚለውን አጥፊው። ሠፈርሽ መብራት እየተንቀጠቀጠ የሚመጣ ከሆነ ሩብ ሰዓት ጠብቀሽ በእጅሽ አብሪው። ለቤት ሰርቨር አጣዳፊ ነገር የለም።

ጋሼ ብሎን፦
ልክ ነው። አየሩን ረስተነዋል። እነዚያ የካፌ ኬዞች ፊታቸው ድፍን ፕላስቲክ ነው። ከኋላ ፋን አለ፣ ከፊት የሚገባ አየር ግን የለም፤ ዲስኮቹ ደግሞ ከፊት ነው የሚቀመጡት። ፕላስቲኩን አውልቀሽ ቆርቆሮውን እዪው። የፋን ቦታ ካለው 120 ሚሊሜትር ፋን ወደ ውስጥ እንዲነፍስ እሰሪ። ከሌለው ምናለሽ ተራ ውሰጂው፤ ቆርቆሮ የሚሠሩት በሰዓት ውስጥ ይቆርጡልሻል። ለማስቆረጥ ባዶውን ውሰጂ፤ ማዘርቦርዱን ከገጠምሽ በኋላ እንዳይሆን። የብረት ብናኝ ዓይን አያየውም፣ ሰርኪት ግን ያገኘዋል። ሲመለስ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ አድርቂው፣ የተቆረጠውንም ጠርዝ በሞረድ አለስልሺ።

ዲስኮቹን በመካከላቸው አንድ ማስገቢያ ባዶ ትተሽ አስቀምጪ። ከፊት ስስ ስፖንጅ አድርጊ፣ አልፎ አልፎም እጠቢው። ዲስክ ከ40 ዲግሪ በታች ቢሆን ደስ ይለኛል፤ 45 ሲያልፍ ፋኑን ፈትሺ።

ፎቶ ቤቷ፦
ተገጠመ! ቢ 85 አገኘሁ፣ ሁለት ባለ 8 ቴራ ገባ፣ ትሩናስ ተነሳ። ዲስኮቹ 36 ዲግሪ ላይ ናቸው። ጠቅ ጠቅ ከሚለው ዲስክም በዲዲሬስኪዩ ሁለት ፋይል ሲቀር ሁሉም ወጣልኝ። አሁን ግን ሌላ ጣጣ። ከላፕቶፔ ፋይል ስገለብጥ በሰከንድ 11 ሜጋ ባይት ላይ ተቸክሏል። አንድ ሰርግ ሲገለበጥ ሊመሽ ነው። ዲስኩ ይሆን?

የአዳማው፦
ዲስክ አይደለም። 11 ካልሽኝ 100 ሜጋ ቢት መስመር ላይ ነሽ፣ የሱ ጣሪያ ነው። ጊጋ ቢት ቢሆን 110 አካባቢ ታዪ ነበር። ሒሳቡን እዪው፦ ባለ 100 ሜጋ ቢት 4ኬ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋ ይሆናል። ያንን በ11 ለመገልበጥ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ በ110 ሰባት ደቂቃ ያህል።

ሁለት ነገር ነው የምጠረጥረው። ወይ ስዊችሽ አሮጌ የ100 ነው፣ ወይ ኬብሉ። ኬብሉም ከአጎትሽ ካፌ የመጣ ከሆነ ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረሽ እዪው። ድሮ ካፌ ሲዘረጋ ኬብል ለመቆጠብ ከስምንቱ ሽቦ አራቱን ብቻ ይመቱ ነበር፤ በቀሩት አራት ሌላ ኮምፒውተር ያገናኛሉ። ጊጋ ቢት ስምንቱንም ይፈልጋል።

ፎቶ ቤቷ፦
ጉድ ነው! ብርቱካናማውና አረንጓዴው ብቻ ነው የገባው፤ ሰማያዊውና ቡናማው ከጫፉ ተቆርጠዋል። ኬብሉን ቀየርኩት፣ አሁን 108 እያሳየኝ ነው። ወንድሜ፣ ተባረክ።

አሮጌዎቹን ኤክስተርናሎች ልሽጣቸው?

ዲስክ ሰብሳቢ፦
እንዳትሸጪ! መስታወት ባክአፕ አይደለም። ሌባ ቢገባ፣ ውሃ ቢፈስ፣ ወይ ቫይረስ ፋይሉን ቢቆልፈው ሁለቱም ዲስክ እኩል ይሄዳል። ኤክስተርናሎቹን አንድ በአንድ በስማርት ፈትሺ፤ የታመሙትን ለዪ። በደህናዎቹ ላይ ገና ያላስረከብሻቸውን ሰርጎች ገልብጪና ሌላ ቤት አስቀምጪ፣ እናትሽ ጋም ቢሆን። በላያቸው ላይ የሰርጉን ቀንና የሙሽሮቹን ስም በማርከር ጻፊ። ደንበኛ ካሴቱን ተረክቦ እስኪፈርም ድረስ ከዚያ ላይ ምንም አትደምስሺ።

ሊኑክስ ልጅ፦
ካሴት አልክ? ዕድሜህን አወቅነው። በነገራችን ላይ እህቴ፣ ትሩናሱ ውስጥ ስክረብ የሚለው (ዲስኮቹን ሙሉ አንብቦ የተበላሸ መኖሩን የሚፈትሸው) በየጊዜው እንዲሄድ መያዙን እዪ። ማንቂያ ኢሜይሉንም አሁኑኑ ሙዪውና የሙከራ መልእክት ላኪ፤ ብዙ ሰው ዲስኩ መሞቱን የሚያውቀው ሁለተኛውም ሲሞት ነው።