ከውሃ ፓምፑ ሥር ኩላንት ይንጠባጠባል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተር ሳይክሌ ባለ 300 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ከሥሩ አረንጓዴ ጠብታ አገኛለሁ። ብዙ አይደለም። ሲነካ ያሙለጨልጫል፣ ሽታውም ጣፋጭ ነገር ነው። የተጠባባቂው ጠርሙስ ኩላንት (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቀስ እያለ ከታችኛው መስመር በታች ወርዷል። ስነዳው ግን አይግልም፣ የሙቀት መብራቱም በርቶ አያውቅም።

የሚንጠባጠበው ከውሃ ፓምፑ በኩል ነው። ከራዲያተሩ የሚመጣው የጎማ ቱቦም እዚያው ይገባል። የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አንድ ጓደኛዬ «ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር መድፈኛ ፈሳሽ አለ፣ እሱን ጨምርና ተገላገል» ብሎኛል። ከመጨመሬ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል። እስከዚያስ ልንዳው?

መልስ

መጀመሪያ የጎማውን ክላምፕ (ማሰሪያ ቀለበቱን) እይ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጎማው በዕድሜ ይደርቃል፣ ሲቀዘቅዝም ክላምፑ ይላላበታል። ሲሞቅ መልሶ ይገጥማል። በካቻቢቴ ትንሽ አጥብቀው፣ ግን አታስጨንቀው፤ ጎማውን ይቆርጠዋል። ጫፉ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ማጥበቅ ዋጋ የለውም፣ ጎማውን ቀይረው።

መልስ

ወንድሜ፣ የላይኛው ምክር ጥሩ ነው። ግን ማንኛውንም ነገር ከማጥበቅህ በፊት ምንጩን እወቅ። ፈሳሽ በወጣበት ቦታ አይወድቅም። በጎማው ላይ ይንሸራተታል፣ በሞተሩ ጎን ይወርዳል፣ ዝቅ ያለ ቡሎን ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። ስትነዳ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይወስደዋል።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ አካባቢውን በደንብ እይ። ኩላንት ሲደርቅ ነጣ ያለ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋል። እሱን ከተከተልከው ወደ ምንጩ ይወስድሃል። ከዚያ እጠበውና አድርቀው። ቆመህ በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጥ) አሙቀውና አጥፋው። የጭስ ማውጫው ሲበርድ ሶፍት እየቀደድክ ለየብቻ አድርግበት፦ አንዱን ጎማው ከፓምፑ ጋር በሚገናኝበት፣ አንዱን በፓምፑ ክዳን ዙሪያ፣ አንዱን ከማፍሰሻው ቡሎን ሥር፣ አንዱን ደግሞ ቀጥሎ ከምነግርህ ትንሽ ቀዳዳ ሥር። አሳድረው። ጠዋት የረጠበው ሶፍት ይነግርሃል። ሶፍቱን ሳታነሳ ግን እንዳታስነሳው።

አሁን ዋናው ነገር። ከፓምፑ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ብዙ ሰው ቡሎን የጎደለባት ይመስለዋል። ሆን ተብላ የተሠራች ናት። በፓምፑ ዘንግ ላይ ሁለት ሲሎች (ፈሳሽ እንዳያልፍ የሚያግዱ ቀለበቶች) አሉ። አንዱ ኩላንቱን ይይዛል፣ ሌላው የሞተር ዘይቱን። በመካከላቸው ያለው ክፍተት መውጫው ይህች ቀዳዳ ናት። ኩላንት ከወጣባት የውሃው ሲል አልቋል። ዘይት ከወጣባት የዘይቱ ነው።

እባክህ፣ ቀዳዳዋን በሙጫም በሲሊኮንም እንዳትደፍናት! መውጫ ያጣው ኩላንት የዘይቱን ሲል አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ነጣ ብሎ አረፋ ይሠራል፣ ማለስለሱንም ያቆማል። ያኔ የትንሽ ሲል ጉዳይ መሆኑ ይቀርና ወደ ኩሽኔታ ይሄዳል።

መድፈኛ ፈሳሹንም አልመክርህም። የሞተር ሳይክል ራዲያተር ቱቦዎች ጠባብ ናቸው። የሚያፈሰውን ሊደፍን የገባው ነገር የማያፈሰውንም ይደፍናል።

መንዳቱን በተመለከተ፦ ጠብታ ብቻ እስከሆነ ድረስ፣ ከመነሳትህ በፊት ደረጃውን እያየህ አጭር መንገድ ትችላለህ። ፈሳሹ ወደ ኋላ ጎማ መድረስ ከጀመረ ወይም ዘይቱ ከነጣ አቁመው። ኩላንት የነካው ጎማ በመታጠፊያ ላይ ይከዳል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳልከኝ አደረግኩ። የጎማው ሶፍት ደረቅ ነው፣ የክዳኑም። የረጠበው ከትንሿ ቀዳዳ ሥር ያለው ነው፣ አረንጓዴ ብቻ። ዘይቱ በመስታወቱ ሲታይ ንጹህ ነው። ሲሉን ራሴ ብቀይረው ይከብዳል?

መልስ

ትችላለህ፣ ግን አትቸኩል። መጀመሪያ የሞዴልህን መመሪያ እይ። በአንዳንዱ የፓምፑን ክዳን መፍታት ይበቃል። በሌላው የሞተሩ የጎን ሽፋን ራሱ ይወርዳልና ዘይትም ታፈሳለህ።

የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ትኩስ ሳለ በፍጹም አትክፈት። ውስጡ ያለው ፈሳሽ በግፊት ተይዞ ነው ሳይፈላ የሚቆየው። ስትከፍትለት ፊትህ ላይ ይፈነዳል። የምታፈሰውን በዕቃ ተቀበለው። ኩላንቱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ስለሚጥም ውሻና ድመት ይልሱታል። መሬት ላይ አንድም ጠብታ አትተው።

ሁለቱንም ሲሎች አንድ ላይ ቀይር፤ አንዱን ብቻ መቀየር ድካሙን መድገም ነው። የፓምፑን ክዳን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) እና የማፍሰሻውን ቡሎን ሮንዴላም አዲስ አድርግ። የውሃው ሲል እርስ በርስ የሚፋተጉ ሁለት ልሙጥ ገጾች አሉት። በጣትህ አትንካቸው፣ ቅባትም አታስነካቸው። ስታስገባው የውጭውን ቀለበት ብቻ በእኩል ግፋ። መሐሉን በመዶሻ ከመታኸው አዲሱም ያፈሳል። የክዳኑ ቡሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ኤም 6 ናቸው። ወደ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል፤ የገቡበት አሉሚኒየም በቀላሉ ይላጣል።

ስትሞላ ሲሊኬት የሌለውን ኩላንት ምረጥ። ሲሊኬት የፓምፑን ሲል ሊፈጀው ይችላል። ያልተቀላቀለ ከሆነ ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ ቀላቅለው። የቧንቧ ውሃ በራዲያተሩ ውስጥ ዝቃጭ ይተዋል።

የራዲያተሩን ክዳን ሳትዘጋ በሚኒሞ አስነሳውና ጋዝ ቀስ እያልክ ሰጥ አድርግ። አጥፍተህ ግራና ቀኝ አዘንብለው፣ አረፋው ይወጣል። በወረደ ቁጥር ሙላ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ የጠርሙሱ ደረጃ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። የቀረው አየር ሲወጣ የሚሆን ነው፤ ሲቀዘቅዝ እስከ ላይኛው መስመር ሙላው። ከዚያ በኋላም መቀነሱን ከቀጠለ ጻፍልኝ፣ ቀጥለን የራዲያተሩን ክዳንና የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን እናያለን።