የፕላስቲክ ስምምነቱ፦ ሁሉም እስኪስማማ ይጠበቅ ወይስ የፈለገ ይፈርም?

ብሩክ፦ ትናንት እዚህ «ነዳጅ አምራቾቹ የሌሉበት ስምምነት ወረቀት ነው» የተባለው ነገር በጣም አናዶኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 ናይሮቢ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ እስከ 2024 መጨረሻ የፕላስቲክ ብክለትን የሚገታ አስገዳጅ ዓለም አቀፍ ስምምነት ይዘጋጅ ተባለ፣ ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ላይ አልተሳካም፣ በ2025 ጄኔቫም ባዶ እጃቸውን ተበተኑ። ከመቶ በላይ አገር ምርቱን የመቀነስ ነገር ይግባበት እያለ ጥቂቶች እምቢ ስላሉ ሁሉም ቁጭ ይበል?

ታዛቢ፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። ፕላስቲኩ የሚሠራው ከነሱ ነዳጅና ጋዝ ነው፣ እነሱ ካልፈረሙ ፋብሪካው ይቀጥላል። ወረቀት ነው።

ሄለን፦ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ያስቀረው ስምምነት፣ ሞንትሪያል ፕሮቶኮልስ? በ1987 ሲፈረም ቻይናና ህንድ አልነበሩበትም። ግን አባል ካልሆነ አገር ጋር በነዚያ ኬሚካሎች መነገድ ተከለከለ፣ በኋላ ለታዳጊ አገሮች ፈንድ ተጨመረ፣ በ1991 እና በ1992 ራሳቸው መጥተው ገቡ።

ታዛቢ፦ እህቴ የኦዞኑን ኬሚካል የሚያመርቱት ጥቂት ኩባንያዎች ነበሩ፣ ምትክም ተገኘለት። የደም ከረጢትን በምን ልትተኪው ነው?

ብሩክ፦ ስለ ደም ከረጢት ማን አወራ! አንዴ ተጠቅመን ስለምንጥለው ነው የምናወራው፣ ወሬ አታስቀይር።

ጌች፦ ምርት ምርት ከምትሉ ሪሳይክል ይጠናከር በሉ እንጂ።

ሄለን፦ የቱ ሪሳይክል ጌች? የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት ኦኢሲዲ ለ2019 ባወጣው ቁጥር ከዓለም የፕላስቲክ ቆሻሻ ሪሳይክል የሆነው 9 በመቶ ብቻ ነው። አንዷን የሻምፑ ሳሼ ቅደድና እያት፣ ፕላስቲክ፣ ስስ አሉሚኒየም፣ ደግሞ ፕላስቲክ፣ አንድ ላይ ተጣብቀው። ማን ነው የሚለያያቸው?

ብሩክ፦ ጨምሪበት፣ ቻይና በ2018 የውጭ ቆሻሻ አልቀበልም ስትል ሀብታሞቹ ወደ ማሌዥያና ቬትናም ነው ያዞሩት። ሪሳይክል አደረግን የሚሉት ያንን ነው።

ታዛቢ፦ ይኸው! ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲላክ የሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ባዝል ኮንቬንሽን፣ በ2019 ለዚሁ ብሎ ተሻሻለ፣ አሜሪካ ግን እስከ ዛሬ አባል አይደለችም። ወረቀት ስል ይሄን ነው።

ሄለን፦ አባል ባለመሆኗ እኮ ነው ያለ ልዩ ስምምነት ለአባል አገሮች ባዝል የሚቆጣጠረውን ቆሻሻ መላክ የማትችለው። ውጭ የቀረ ገበያ ያጣል፣ ፕላስቲኩም ላይ ይሄ ይግባ ነው የምንለው።

ጌች፦ አንቺ ሁሌ ከብሩክ ጋር ነሽ።

ሄለን፦ ከብሩክ ጋር ሳይሆን ከሐሳቡ ጋር ነኝ፣ አንተ መጀመሪያ የሳሼውን መልስ።

ታዛቢ፦ ሕጉ ይኑር፣ ኮንቴይነሩን ከፍቶ የሚያይ ጉምሩክ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

ብሩክ፦ ወንድሜ እሱ ጉምሩክን ለማጠናከር ምክንያት ነው፣ ላለመፈረም አይደለም። እስከ መቼ እንደምንጠብቅ ዓመቱን ንገረኝ።

ታዛቢ፦ አምራቾቹ እስኪፈርሙ።

ብሩክ፦ ዓመቱን ነው የጠየቅኩህ።